የሐንቆ ኡማ ጣሳ

ሐንቆ ኡማ ማለት፣ በአይማራ ቋንቋ፣ ነጭ ውሃ ነው፤
እኔ ስደርስ ግን ላማና በግ ገብቶ ያደፈረሰው።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አንድ ጉድጓድ አለ፣
በሰንሰለት ታስሮ አፉ ላይ ጣሳ የተንጠለጠለ።
ጣሳው ድሮ የወተት ዱቄት መያዣ ነበረ፤
የላዩን ሥዕል፣ የሚስቀውን ሕፃን፣ ዝገት መብላት ከጉንጩ ጀመረ።
ሠላሳ ተማሪ ከዚህ ይጠጣል፤
አንዱ ያጋመሰውን ሌላው ይቀበላል።
የመጨረሻዋን ጠብታ ለጓደኛ መተው
እዚህ መንደር ውስጥ የፍቅር ልኩ ነው።

እኔ ከኤል አልቶ የመጣሁ ነርስ ነኝ፤
የበረዶ ሣጥን፣ መርፌና የስም ዝርዝር የተሸከምኩኝ።
በሐምሌ ደረቅ ብርድ ክንዳቸውን ሳስር፣
ደም ሥሩ እንደ ፈራ አይጥ ጉድጓዱ ሲቀር፣
ፍሎሬንሲዮ ሳቀ። «እመቤት፣ ደሜም ብርድ ይፈራል» አለ።
ስምንት ዓመቱ ነው። ሆዱን ጠየቅሁት።
«ያምሃል?»
«አያመኝም።»
«ከበላህ በኋላስ?»
«ያው ይቆጠቁጣል። ሆድ አይደል?»
ጻፍኩት። ምን ብዬ እንደጻፍኩት ግን አላስታውስም።
ሕመም ከሰው ጋር አብሮ ከተወለደ ስም አይወጣለትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ።
በሃያ ስድስቱ ሆድ ያቺ ጠምዛዛ ባክቴሪያ ተገኘች፣
ጨጓራ ግድግዳ ላይ እንደ ባለርስት ቤቷን የሠራች።
የጉበቱ ቫይረስ ደግሞ ሠላሳውንም ጎብኝቶ አልፏል፤
የወፍ በሽታ የሚሉት ያ ወፍ በየጣራው አርፎ ተነሥቷል፣
ለአንዳንዱ ልጅ ብቻ፣ ዐይኑ ነጭ ላይ፣ ቢጫ ላባ ጥሏል።
የቀሩት አንድም ቀን አልተኙለትም።
እናቶቻቸው «ጉንፋን ነበር» ይላሉ፤ እኔም አልከራከርም።

መምህር ኢላሪዮን ዝርዝሩን ስም እየጠራ አነበበ።
በየስሙ አንድ እጅ ይነሣል፤ ሽልማት መስሏቸው ክፍሉ ተደሰተ።
ሠላሳ አንደኛዋ፣ ኩርሚ፣ ጠብቃ ጠብቃ
«የኔስ?» አለች፣ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ደብቃ።
የኩርሚ ደም ንጹሕ ነው፣ ከሁለቱም።
ማንም ግን እንኳን ደስ ያለሽ አላላትም።

አባቷ በላማ ሌብነት ተጠርጥሮ ከጠፋ
አምስት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ኩርሚ ጣሳው ጋ የላትም ወረፋ።
እናቷ በየማለዳው
ውሃ አፍልታ በፔርሙስ ታስይዛታለች፤ ጥግ ይዛ ብቻዋን ልትጠጣው።
ጤናዋን ያገኘችው ከዚህ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም፤
ይህን የምሞላበት ቦታ ቅጼ ላይ የለም።

መድኃኒት ብሰጥስ? ነገም ጣሳው አለ።
የቱቦ ውሃ እንዲገባ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፍኩ፤ መልሱ «በሚቀጥለው በጀት» አለ።
የራሴንም ደም መርምሬያለሁ፣ ምን ልደብቅ፤
ስድስት ሆነን ከአንድ ሳህን ላደግን፣ ምን ልጠብቅ?

በእረፍት ሰዓት ፍሎሬንሲዮ ጣሳውን ሞልቶ፣
ሰንሰለቱ እስኪወጠር ወደ ጥጉ ስቦ፣
«ነይ» አላት ኩርሚን። «ነይ እንጂ። ከኛ ጋር ትታመሚያለሽ።»
ተነሣች። ግቢው ጸጥ አለ።
በሁለት እጇ ያዘችው። ውሃው ተንቀጠቀጠ።
«አትጠጪ» ልበል፣ አምስት ዓመት የጠበቀችውን?
ዝም ልበል፣ ምናልባት ዕድሜ ልኳን የምትሸከመውን?

«ጠማኝ» አልኩ።
ጣሳውን ከእጇ ወሰድኩና ጨለጥኩት፣
ዝገቱንም ብርዱንም፣ የመጨረሻዋን ጠብታ እንኳ ሳልተው ጠጣሁት።
ልጆቹ አጨበጨቡ።
ኩርሚ ግን እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፤
«ወረፋዬን ቀማችኝ» ትላለች።